የዝንብ ዘንግ በቤት ውስጥ ሲሠራ

በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ የሚጠመድበት ዘንግ፣ ባጭሩ የዝንብ ዘንግ፣ ከሌሎች የማጥመጃ ዘንጎች የሚለየው በሚወረውረው ነገር ነው። በተለመደው ዘንግ ወደ ውኃው የሚበረው እርሳስ ወይም ከባድ ማባበያ ሲሆን ክሩ እሱን ተከትሎ ይሄዳል። ከላባና ከፀጉር የተሠራች ዝንብ ግን ክብደት የላትም ማለት ይቻላል፤ ብትወረወር እግር ሥር ትወድቃለች። ስለዚህ የሚወረወረው ገመዱ ራሱ ነው። ገመዱ በፕላስቲክ የተሸፈነና ወፈር ያለ ነው። ዘንጉ ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲወዛወዝ እንደ እረኛ ጅራፍ እየታጠፈ ይዘረጋና መጨረሻ ላይ ዝንቧን ውኃው ላይ ያሳርፋታል። በዚህ ጊዜ ዘንጉ በገመዱ ክብደት ይጎብጣል፤ እጅ ቀጥ ሲል ደግሞ ይቃናል። ውርወራው የሚወለደው ከዚህ መጉበጥና መቃናት ነው።

በቤቱ ዘንግ የሚሠራ ሰው ጉብጠቱን ራሱ አይፈጥረውም። ፋብሪካ ቀምሮ፣ ጋግሮና ጨርሶ በልሙጥ ዘንግ መልክ ይልክለታል። በልሙጡ ላይ የሚጨመረው፣ ገመዱ የሚያልፍበት ቀለበት፣ ክር፣ ሙጫና ቡሽ ሁሉ ግን ክብደት አለው፤ ከዚያ ጉብጠት ጥቂት ጥቂት ይቀንሳል። ጥሩ ሠሪ የሚባለው ዘንጉን ለባለቤቱ እጅ እያስማማ ከጉብጠቱ ብዙውን የሚያስተርፍ ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘረው አሠራር ሁሉ፣ የሙጫው ውፍረትና የክሩ ርዝመት ሳይቀር፣ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

የመጀመሪያው ውሳኔ የዘንጉ ቁጥር ነው። የዝንብ ገመዶች በአሜሪካ የመሣሪያ አምራቾች ማኅበር በወጣ መለኪያ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ቁጥሩ የገመዱን የመጀመሪያ 30 ጫማ፣ ማለትም 9.14 ሜትር፣ ክብደት ይገልጻል። ባለ 3 ቁጥሩ 6.5 ግራም፣ ባለ 5ቱ 9 ግራም፣ ባለ 8ቱ 13.6 ግራም ገደማ ይመዝናል። ዘንግም የሚጠራው በሚስማማው ገመድ ቁጥር ነው። ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ቀዝቃዛ ወንዞች፣ በዌብና በዳንካ፣ ለሚኖረው ትራውት ባለ 4 ወይም ባለ 5 ቁጥር ዘንግ ይበቃል። በጫሞ ሐይቅ ያለውን ግዙፉን የናይል ፐርች ለሚሻ ግን ይህ ዘንግ አይሆነውም፤ 10 እና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። ለመጀመሪያ ሥራ የሚመከረው 9 ጫማ ርዝመት፣ ማለትም 2.74 ሜትር፣ በ4 ቁራጭ የተከፈለና ባለ 5 ቁጥር የሆነው ነው። ለብዙ ዓይነት ውኃ ይሆናል፤ ሲፈታታም ሻንጣ ውስጥ ይገባል።

ዛሬ ገበያውን የያዘው ልሙጥ ዘንግ የካርበን ፋይበር ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ፋይበር ግላስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተስፋፋ። ከዚያም በፊት ዘንግ ማለት የተሰነጠቀ ቀርከሃ ነበር። የቀርከሃው ዘንግ በደቡብ ቻይና ከሚበቅል ጠንካራ ቀርከሃ ይሠራል፤ ግንዱ ይሰነጠቅና 6 ባለ ሦስት ማዕዘን ቀጫጭን ዘለላዎች ተቀርጸው ይጣበቃሉ። ኤቨረት ጋሪሰን የተባለው የኒውዮርክ መሐንዲስ የዚህን ዘንግ አቅጥን፣ ማለትም ከእጀታው እስከ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድበትን ልክ፣ በምሕንድስና ስሌት ቀምሮታል። የአሠራሩ መጽሐፍ እሱ ካረፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1977 ታትሞ ቀርከሃን በቤት መሥራት ለሚፈልጉ ሁሉ መንገድ ከፈተ። በዚያ ሥራ ስህተት የሚለካው በኢንች አንድ ሺሕኛ ነው፤ ልዩ የብረት ቅርጽና ረጅም ልምምድ ይጠይቃል። ስለዚህ ጀማሪ በካርበን ልሙጥ ቢጀምር ይሻለዋል። የካርበን ዘንግ እ.ኤ.አ. በ1973 ፌንዊክ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አማካይነት ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ ቅለቱና ቶሎ መቃናቱ ሌሎቹን ወደ ጎን ገፍቷቸዋል።

ልሙጡ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ በኋላ የሚመጡትን ውሳኔዎች ያቀላል። በሙጫ የተነከረ የካርበን ጨርቅ በስሌት ተቆርጦ እየቀጠነ በሚሄድ የብረት ዘንግ ላይ በኃይል ይጠቀለላል። በላዩ ጠባብ የፕላስቲክ ጥብጣብ አጥብቆ ይታሰርበትና ምድጃ ገብቶ ይበስላል። ከዚያ ብረቱ ተስቦ ይወጣል፤ ጥብጣቡም ይላጣል። የቀረው ውስጡ ባዶ የሆነ ቀጭን ቱቦ ነው። ጨርቁ የተጀመረበትና ያለቀበት መስመር ስለሚደራረብ ቱቦው ዙሪያውን እኩል አይጠነክርም፤ በአንድ ወገን ትንሽ ይበረታል። ሠሪዎች ይህን የበረታ መስመር የዘንጉ አከርካሪ ይሉታል።

አከርካሪው የሚገኘው በቀላል ዘዴ ነው። የቁራጩ ወፍራም ጫፍ ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ ይቆምና ቀጭኑ ጫፍ በአንድ እጅ መዳፍ ተይዞ፣ በሌላው እጅ መሐሉ ላይ ቀስ ተብሎ ሲጫን ዘንጉ ይጎብጣል። ያኔ በጣት ሲሽከረከር በራሱ ዘወር ብሎ አንድ ቦታ ይቆማል። የቆመበት ወገን በወረቀት ፕላስተር ምልክት ይደረግበታል። ብዙ መጻሕፍት ቀለበቶች በዚህ መስመር ላይ ካልተሰለፉ ዘንጉ ሲወረወር ይጠመዘዛል ብለው ጽፈዋል። ይህ የተጋነነ ነው። በዝንብ ዘንግ ላይ ቀለበቶቹ ከሥር ስለሚንጠለጠሉ ዓሣ ሲጎትት ገመዱ ዘንጉን ወደ ታች ይስበዋል እንጂ አይገለብጠውም። ከአከርካሪው ይልቅ ትኩረት የሚሻው ቀጥተኝነቱ ነው። ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ፍጹም ቀጥ ያለ ልሙጥ የለም ማለት ይቻላል። አንዱን ዓይን ጨፍኖ ዘንጉን እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ እያነጣጠሩ ሲያዞሩት ጥቂት የተጎነበሰበት ወገን ይታያል። ያ ጉንበስታ ወደ ላይ እንዲዞርና ቀለበቶቹ በተቃራኒው በኩል፣ ከሥር፣ እንዲገቡ ሲደረግ የራሳቸው ክብደት ዘንጉን ወደ ታች ጎትቶ ያቃናዋል። አከርካሪውና ቀጥተኝነቱ ሲጋጩ ቀጥተኝነቱ ቢመረጥ ይሻላል።

ልሙጡ ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነት መሆኑን ማረጋገጥም ይቻላል። አንዱ አምራች 5 የሚለው ከሌላው 6 ጋር የሚስተካከልበት ጊዜ አለ። ዊልያም ሃነማን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያቀረበው ዘዴ የሚያስፈልገው የአሜሪካ ባለ አንድ ሳንቲሞችና ትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት ብቻ ነው። ዘንጉ እጀታው አካባቢ ተጠርንፎ አግድም ይያዝና ጫፉ ላይ በተንጠለጠለው ከረጢት ውስጥ ሳንቲም በሳንቲም ይጨመራል፤ ጫፉ የዘንጉን ርዝመት ሢሶ ያህል ዝቅ ሲል መጨመሩ ይቆማል። የዛሬው የአሜሪካ ሳንቲም 2.5 ግራም ስለሚመዝን ከሳንቲሙ ብዛት የዘንጉ ጉልበት ይወጣል፤ ጉልበቱም በሰንጠረዥ ወደ ገመድ ቁጥር ይለወጣል። በዚያው ጊዜ ጫፉ ከአግድሙ መስመር ወደ ታች ያዘነበለበት ማዕዘን ቢለካ የጉብጠቱ ጠባይ ይታወቃል። ከ66 ዲግሪ በላይ ከሆነ ዘንጉ ጫፉ ላይ ብቻ የሚጎብጥ ፈጣን ነው፤ ከ59 በታች ከሆነ ጉብጠቱ እስከ እጀታው የሚወርድ ዝግተኛ ነው። ሚዛን ያለው ሰው በሳንቲሙ ፈንታ ሩዝ ወይም ምስማር ቢጠቀም ውጤቱ ያው ነው። ለጀማሪ ይህ ልኬት ትልቅ ትምህርት አለው፤ ዘንጉን ከመልበሱ በፊትና ከለበሰ በኋላ ቢለካው የራሱ ክርና ሙጫ ምን ያህል እንደለወጠው በዓይኑ ያያል።

ሥራው ከእጀታው ይጀምራል። እጀታው የሚሠራው 12.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ካላቸው የቡሽ ቀለበቶች ነው። ከዓለም ቡሽ ግማሽ ያህሉን የምታቀርበው ፖርቱጋል ናት። ዛፉ የመጀመሪያ ቅርፊቱ የሚላጠው 25 ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው፤ ከዚያ በኋላ እንደገና እስኪላጥ 9 ዓመት ይጠበቃል። ጉድጓድ የሌለበት ጥሩ ቡሽ ውድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ርካሹ ቡሽ ቀዳዳው በቡሽ ዱቄትና በሙጫ የተደፈነ ነው፤ ሲያዩት ያምራል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ድፍኑ ይወድቅና እጀታው ይበሳሳል። የተዘጋጀ እጀታ ገዝቶ ማስገባት ይቻላል፤ ራስን የሚያረካው ግን ቀለበቶቹን ገዝቶ ለእጅ በሚመች ልክ መቅረጽ ነው። 14 ያህል ቀለበቶች በረጅም ቪት ላይ ተደርድረው ውኃ በማይበግረው ሙጫ ይጣበቃሉ፤ ዳዶዎች በሁለቱም ጫፍ አጥብቀው ይይዟቸዋል። ሲደርቅ ቪቱ መሰርሰሪያ ላይ ይታሰርና እየዞረ በሸካራ ብርጭቆ ወረቀት ይከረከማል፤ በለስላሳው ይጨረሳል። ለቀላል ዘንግ ሁለቱም ጫፉ የቀጠነ፣ ሲጋራ የሚመስለው ቅርጽ ይስማማል። ለከባዱ የአውራ ጣት ማረፊያ ፊቱ ላይ ከፍ ያለው ይሻላል፤ ረጅም ውርወራ አውራ ጣትን ስለሚያደክም ነው። ትንሽ እጅ ያለው ሰው፣ በተለይ ወጣት፣ ወፍራም እጀታ ሲሰጠው ክንዱ ቶሎ ይዝላል። በሱቅ ዘንግ ላይ ይህን ማስተካከል አይቻልም፤ በቤት ሥራ ግን ሁለት ሚሊ ሜትር መቀነስ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

የቡሹ ውስጠኛ ቀዳዳ ልክ እንደ ዘንጉ እየሰፋ መሄድ አለበት። ለዚህ የሚሆነው መሣሪያ አሮጌ የተሰበረ ዘንግ ቁራጭ ነው፤ ዙሪያው ብርጭቆ ወረቀት ይለጠፍበትና እየተሽከረከረ ቀዳዳውን ያሰፋል። እጀታው በቀጭኑ ጫፍ በኩል ይገባና ወደ ሥር ይገፋል። ቦታው ሲደርስ ጠበቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ከላላ ሙጫው ክፍተቱን መሙላት ይኖርበታል፣ ከብዙ ውርወራም በኋላ ይነቃነቃል። ገመዱ የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ የሚታሰርበት መቀመጫ ቀዳዳ ከዘንጉ ስለሚሰፋ በወረቀት ፕላስተር በተጠቀለሉ ቀለበቶች ይሞላል። በቀለበቶቹ መካከል ሙጫ የሚይዝበት ባዶ ቦታ ይተዋል። የመቀመጫው ጉድጓድ ከገመድ ማለፊያ ቀለበቶቹ መስመር ጋር በአንድ ቀጥታ እንዲሆን ሙጫው ከመድረቁ በፊት ደጋግሞ ማነጣጠር ያስፈልጋል። ፈጣኑ የ5 ደቂቃ ሙጫ ለዚህ ሥራ አይመረጥም፤ ውኃን የመቋቋም አቅሙ አነስተኛ ነው፣ ለማስተካከልም ጊዜ አይሰጥም።

ቀጥሎ የሚመጣው የገመድ ማለፊያ ቀለበቶቹ ቁጥርና ቦታ ነው። የቆየው ሕግ የዘንጉን ርዝመት በጫማ ያህል ቀለበት፣ ሲደመር አንድ ነው። ለ9 ጫማ ዘንግ 10 ይደርሳል። የጫፏ ቀለበት ከዘንጉ አናት ላይ የምትጠልቅ ናት። መጠኗ የሚጠራው በኢንች 64ኛ ስለሆነ 5 ቁጥር የተባለችው ቱቦዋ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት አላት። የምትጣበቀው በእሳት በሚለሰልስ ሙጫ ነው፤ ስትሰበር በክብሪት ሞቅ ተደርጋ እንድትወልቅ። ከእጀታው 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ላይ ያሉት አንዱ ወይም ሁለቱ ውስጣቸው ሴራሚክ የሆነና ሰፊ ናቸው፤ የተቀሩት እንደ እባብ ጠመዝመዝ ያሉ የሽቦ ቀለበቶች ናቸው። ሽቦዎቹ የሚመረጡት ለቅለታቸው ነው። ጫፉ አካባቢ የሚጨመር ግማሽ ግራም እጀታው ላይ ከሚጨመር 20 ግራም በላይ የዘንጉን መቃናት ያዘገያል፤ በእያንዳንዱ ውርወራ ብዙ የሚንቀሳቀሰው ጫፉ ነውና።

በሁለት ቀለበቶች መካከል ያለው ርቀት ከጫፉ ወደ እጀታው እየሰፋ ይሄዳል። የመጀመሪያው 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የመጨረሻው እጥፍ ይበልጠዋል። አምራቹ የሚልከው ሰንጠረዥ ጥሩ መነሻ ነው፤ ዳኛው ግን ዘንጉ ራሱ ነው። ቀለበቶቹ በፕላስተር ለጊዜው ይታሰሩና ገመድ ይገባባቸዋል፤ ጫፉ ከከባድ ነገር ጋር ታስሮ ዘንጉ ይጎብጣል። ገመዱ ጉብጠቱን ተከትሎ ከሄደ መልካም ነው። አንድ ቦታ ላይ ገመዱ ቀጥ ብሎ ጉብጠቱን አቋርጦ ካለፈ እዚያ ያሉት ቀለበቶች ይቀራረባሉ። ይህ ሙከራ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ቸኩሎ የዘለለው ሰው ግን ክሩ ከተጠመጠመና ሙጫው ከደረቀ በኋላ ነው ስህተቱን የሚያየው።

ክር መጠምጠም የሥራው ልብ ነው፤ ትዕግሥት የሚከፈለው እዚህ ነው። መሣሪያው ቀላል ነው። በሁለት ጎኑ የማዕዘን ቅርጽ ያለው ጎድጎድ የተቆረጠበት የካርቶን ሳጥን ዘንጉን ይይዛል፤ ጎድጎዱ ዘንጉን እንዳይጭረው ለስላሳ ጨርቅ ይለጠፍበታል። የክሩ ማጠንጠኛ ስኒ ውስጥ ይገባል፤ ክሩ በወፍራም መጽሐፍ ገጾች መካከል አልፎ ወደ ዘንጉ ይወጣል። ክሩን የሚወጥረው የመጽሐፉ ክብደት ነው፤ ሲያንስ ሌላ መጽሐፍ ይደረብበታል። ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱ ቀለበት እግር ጫፍ በሞረድ ይሳሳል፤ ክሩ ከዘንጉ ላይ ወደ እግሩ ሳይዘል እንዲወጣ ነው። የእግሩ የታችኛው ጠርዝም በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። ስለታም ጠርዝ በተወጠረ ክር ሥር ሲጫን የካርበኑን ቱቦ ይቆርጠዋል። ከጊዜ በኋላ ዘንጉ በትንሽ ዓሣ የሚሰበረው አንዳንዴ በዚህች ጠርዝ ምክንያት ነው።

ጥምጥሙ ሲጀመር ክሩ በራሱ ላይ ይሻገርና 5 ወይም 6 ዙር ይደረብበታል፤ ከዚያ ትርፉ በምላጭ ይቆረጣል። ዘንጉ በእጅ እየተሽከረከረ ክሩ ጎን ለጎን ይተኛል። የተፈጠረ ክፍተት ወዲያው በጥፍር ተገፍቶ ይዘጋል፤ ሙጫ ከገባበት በኋላ አይታረምም። ለመጨረስ 7 ወይም 8 ዙር ሲቀር ሌላ ጠንካራ ክር እጥፍ ተደርጎ በጥምጥሙ ሥር ይገባል። የመጨረሻው ዙር ሲያልቅ ክሩ ይቆረጥና ጫፉ በእጥፉ ውስጥ ያልፋል፤ እጥፉ ሲሳብ ጫፉን ይዞት በጥምጥሙ ሥር ይወጣል። እንዲህ ሲሆን ቋጠሮ የለም። ለዝንብ ዘንግ የሚመረጠው ቀጭኑ የናይሎን ክር ነው። ቀለሙ ሙጫ ሲጠጣ እንደሚጨልም አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ነጭ ክር ጨርሶ ይጠፋና ሥሩ ያለው የቀለበት እግር ይታያል። ቀለሙ እንዳለ እንዲቆይ የሚፈልግ ሰው ከሙጫው በፊት ቀለም ጠባቂ ፈሳሽ ይቀባል።

ሳይጠመጠም የማይታለፍ ሌላ ቦታ ቁራጮቹ የሚጋጠሙበት ነው። አንዱ በሌላው ውስጥ ሲገባ የውጪው ቱቦ አፍ በእያንዳንዱ ውርወራ ከውስጥ ይገፋል። ካርበን በርዝመቱ ብርቱ ነው፣ በዙሪያው ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ አፉ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥብቅ ጥምጥም ይደረጋል። ለጌጥ ሲባል የጥምጥሙን ርዝመት ማብዛት ግን ጉብጠቱን ያበላሻል፤ ክሩ ራሱ ቀላል ቢሆንም የሚጠጣው ሙጫ ይከብዳል፣ ያደነድናልም።

ክሩን የሚያሽገው ባለ ሁለት ክፍል ኢፖክሲ ነው። ሁለቱ ፈሳሾች እኩል በእኩል መሆን አለባቸው፤ በዓይን ግምት ሳይሆን በሁለት የተለያዩ ስሪንጆች ይለካሉ። ከ3 ሚሊ ሊትር በታች ሲለካ ትንሿ ስህተት ድርሻዋ ትልቅ ስለምትሆን ከሚያስፈልገው በላይ መበጥበጥ ይሻላል። ሬሾው የተዛባ ኢፖክሲ ለወራት እጅ ላይ የሚጣበቅ ሆኖ ይቀራል። ያኔ መድኃኒቱ በትክክል የተበጠበጠ ሌላ ስስ ሽፋን መደረብ ነው። ድብልቁ አረፋ እንዳያነሳ በቀስታ ይማሰላል፤ ከዚያ በአሉሚኒየም ወረቀት ላይ ይፈስሳል፣ ስስ ሆኖ ሲዘረጋ አረፋው ይወጣል። ዘንጉ በአልኮል ተጠርጎ አቧራና የጣት ቅባት ከለቀቀ በኋላ ብሩሹ ክሩን ያጠግበዋል። በቀለበቱ እግር ሥር ባለው ቀዳዳ ፈሳሹ መግባቱን ማየት ያስፈልጋል፤ እዚያ የሚቀር አየር ውኃ ይስባል።

ከዚህ በኋላ ዘንጉ መዞር አለበት። ቆሞ ከተተወ ፈሳሹ ወደ ሥር ይንጠባጠብና ጉብጉብ ይሠራል። ቀስ ብሎ የሚዞር የሥጋ መጥበሻ ሞተር ለዚህ ይበቃል። ሞተር የሌለው ለሁለትና ለሦስት ሰዓት በየጥቂት ደቂቃው በእጁ ያዞረዋል። የቀረች አረፋ ካለች የአልኮል ፋኖስ ነበልባል ከሥሯ ለቅጽበት ሲያልፍ ትፈነዳለች፤ ነበልባሉ ከቆየ ግን ካርበኑን ይጎዳል። ክፍሉ ሞቅ ያለ፣ ደረቅና አቧራ የሌለበት ይሁን፤ ርጥበት የበዛበት አየር ኢፖክሲውን ያደበዝዘዋል። በ24 ሰዓት ይነካል፤ ሁለተኛው ስስ ሽፋን ከዚያ በኋላ ይደረጋል። የዘንጉ ርዝመት፣ የገመዱ ቁጥርና የባለቤቱ ስም ከእጀታው በላይ በስስ ብዕር የሚጻፈው ከመጨረሻው ሽፋን በፊት ሲሆን ኢፖክሲው ጽሑፉን ይሸፍነዋል።

ኢፖክሲው ሙሉ ጥንካሬውን እስኪይዝ አንድ ሳምንት ገደማ መጠበቅ ይገባል። የመጀመሪያው ውርወራ ሣር ላይ፣ መንጠቆ በሌለው የሱፍ ክር ቁራጭ ይደረጋል። ቁራጮቹ ሲገጣጠሙ ቀለበቶቹ ሩብ ዙር ያህል ተዛንፈው ይገባሉ፤ ከዚያ እየተጫኑ ሲዞሩ ይጠብቃሉ፣ ቀለበቶቹም በአንድ መስመር ይሰለፋሉ። ሲፈታ ደግሞ ቀለበቱን ይዞ መጎተት ክልክል ነው። አንድ ቀለበት ተጣምሞ መቀየር ሲኖርበት ምላጩ ኢፖክሲውንና ክሩን የሚቆርጠው ከብረቱ እግር በላይ ነው፤ ከሥሩ የሚቀበለው ብረት ስለሆነ ዘንጉ አይነካም። ክሩ ሲላጥ የቀረው ኢፖክሲ በጥፍር ወይም በፕላስቲክ ቁራጭ ይፋቃል፤ በብረት አይሆንም። ከዚያ አዲሱ ቀለበት በዚያው ምልክት ላይ ይቀመጥና ጥምጥሙ እንደገና ይጀመራል።